«ቦርዱ ሞቷል» ከማለታችሁ በፊት ቀዳዳውን እዩት

«ቦርዱ ሞቷል።»

ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ባለው መንገድ ላይ አንድ የሞባይል ወይም የቴሌቪዥን ጥገና ቤት ገብቶ ይህችን ቃል ሳይሰማ የወጣ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ዕቃው ይከፈታል፣ አንዴ ይታያል፣ በቴስተር ሁለት ቦታ ነካ ነካ ይደረጋል፣ ከዚያ ፍርድ ይሰጣል። ሞቷል። ምርመራ የለም፣ ይግባኝ የለም። ባለቤቱም አንገቱን ደፍቶ ወይ አዲስ ይገዛል፣ ወይ «ሬሳውን» በፌስታል አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

እኔ የምለው ይሄ ነው፦ በዚህ ፍርድ ከሚጣሉት ቦርዶች ውስጥ ብዙ ያልሞተ አለ። ፈራጁ ቦርዱ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ማንበብ ስለማይችል ነው የሚጣሉት። ልጆቹን ሰነፍ አልልም፤ ከጠዋት እስከ ማታ አጎንብሰው የሚሠሩ ናቸው። ነገር ግን ትምህርት ቤትም ኮሌጅም ቀዳዳ ምን እንደሆነ ሳይነግራቸው ካውያ ጨብጠው ገበያ ወጡ። ዋጋውን የምንከፍለው ደግሞ እኛ ነን። በገንዘብ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ በሕይወትም ሊሆን እንደሚችል ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ።

«ቀዳዳ ደግሞ ምን ይነበባል?» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። ወንድሜ፣ ኮሜንት ከመጻፍህ በፊት እስከ መጨረሻው አንብብ። ገበሬ አባቶቻችን ቀንበር ላይ ቀዳዳ የሚበሱት ለጌጥ አይደለም። ማነቆው የሚገባበት ቀዳዳ የበሬው አንገት ታይቶ ነው የሚበሳው፤ ከጠበበ በሬው ይታነቃል፣ ከሰፋ ያመልጣል። የአገው ፈረሰኛም ጥር 23 ሜዳ ከመውጣቱ በፊት የእርካቡን ጠፍር ቀዳዳ ሳይቀር ያያል፤ እዚያ ላይ የተሰነጠቀ ቆዳ ሰው ይጥላላ። እናቶቻችን እንኳ ዓይን የሌለው እንጀራ ሲያዩ ሊጡ ምን እንደጎደለው ይናገራሉ። ቦርድ ላይም እንዲሁ ነው። ያለ ሥራ የተበሳ አንድም ቀዳዳ የለበትም።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ቦርድ ማለት ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ሰሌዳ ላይ የመዳብ መስመር የተለጠፈበት ነገር ነው። ከእሱ በፊት ሬዲዮ ውስጥ ያለው ሁሉ በሽቦ ነበር እርስ በርሱ የሚተሳሰረው፤ የአያቱን ትልቅ ሬዲዮ የከፈተ ሰው ያውቀዋል፣ የሸረሪት ድር ነው። ኦስትሪያ ተወልዶ እንግሊዝ አገር የሠራው ፖል አይስለር የሚባል መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሽቦውን ትቶ መስመሩን ሰሌዳ ላይ አተመው። ሽቦው ሲጠፋ ግን ሁለት ጥያቄ ቀረ። ዕቃው በምን ተይዞ ይቁም? መስመር ከመስመር ጋር ሳይነካካ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እንዴት ይሻገር? የሁለቱም መልስ ቀዳዳ ነው።

እንግዲህ በጣም የታወቀው የዕቃ እግር የሚገባበት ቀዳዳ ነው። ሬዚስተሩ፣ ካፓሲተሩ፣ ትራንስፎርመሩ እግሩን በሰሌዳው አሳልፎ ማዶ ላይ በሊድ ይበየዳል። ስፋቱ ብዙ ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከእግሩ ትንሽ ብቻ ይሰፋል፣ ቀልጦ የሚገባው ሊድ መተላለፊያ እንዲያገኝ። እስከዚህ ሁሉም ሰው ያውቃል። ሁሉም ሰው የማያውቀው፣ እዚሁ ቀዳዳ ላይ ሁለት ዓይነት እንዳለ ነው፤ የተለበጠና ያልተለበጠ።

ያልተለበጠውን በርካሽ ቻርጀር፣ በዲቫይደር፣ በብዙ ሪሲቨር የፓወር ክፍል ታገኙታላችሁ። ሰሌዳው ቡናማ ነው፤ ከወረቀትና ከሙጫ የተጋገረ። መዳቡ በታች በኩል ብቻ ነው ያለው፣ የቀዳዳው ግድግዳ ባዶ ነው። ስለዚህ የዕቃው እግር የሚይዘው በታች ባለችው አንዲት የሊድ ቀለበት ብቻ ነው። አስቡት፤ ከባድ ትራንስፎርመር በጥቂት ቀጫጭን እግሮች ቆሞ፣ እያንዳንዱ እግር በአንድ ቀለበት ብቻ ተይዞ። መብራት ሲመጣ ይሞቃል፣ መብራት ሲሄድ ይቀዘቅዛል። እኛ ጋ ደግሞ መብራት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሄድና እንደሚመጣ ለናንተ አልነግርም። በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ሊዱ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል። አንድ ቀን በእግሩ ዙሪያ ጸጉር የምታክል ክብ ስንጥቅ ትፈጠራለች። በዓይን ሲያዩት ብየዳው ደህና ነው። ኤሌክትሪኩ ግን አንዳንዴ ያልፋል፣ አንዳንዴ አያልፍም።

በጥፊ ሲመቱት የሚሠራ ሬዲዮ ያላየ አለ? ቤታችን ውስጥ አባት ብቻ የመምታት ሥልጣን ያለው ቴሌቪዥን አልነበረም? ያ ጥፊ አስማት አይደለም። ብዙ ጊዜ የተሰነጠቀችው የሊድ ቀለበት ለጊዜው ስለምትገጥም ነው። ጥፊ መምታት ያቃተው ደግሞ «ቦርዱ ሞቷል» ይላል።

አንድ ምሳሌ ልስጥ፣ የሱቁን ስም አልጠራም። ጎረቤቴ እትዬ ሪሲቨራቸው ጠፍቶ ጥገና ቤት ወሰዱት። እዚያው ቆመው ሳሉ ተከፍቶ «ሞቷል፣ አዲስ ይግዙ» ተባሉ። አዲስ ሪሲቨር ማለት ለእሳቸው ስንት ማዳበሪያ ድንች እንደሆነ እሳቸው ያውቃሉ። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ቦርዱን ገልብጦ በማጉያ መነጽር አየው። ከትራንስፎርመሩ እግሮች በአንዱ ዙሪያ ጥቁር ቀለበት። ካውያ፣ ትንሽ ፍለክስ፣ ትንሽ ሊድ። ሻይ ሳይፈላ አለቀ። ልጁ ሊቅ ስለሆነ አይደለም፤ የት እንደሚታይ ስለተነገረው ነው።

አሁን ወደ ተለበጠው ቀዳዳ እንሂድ፤ እዚህ ላይ ነው የእኛ ጥገና ቤት ትልቁን ጥፋት የሚሠራው። አረንጓዴው ሰሌዳ፣ በመስታወት ጭረትና በሙጫ የተሠራው፣ በሁለቱም ፊት መዳብ አለው። ቀዳዳው ከተበሳ በኋላ ግድግዳው በመዳብ ይለበጣል፤ ወርቅ ቅብ እንደሚለበጠው ያለ ሥራ ነው። ስለዚህ ቀዳዳው መያዣ ብቻ መሆኑ ይቀርና ራሱ ሽቦ ይሆናል። የላይኛውን መስመር ከታችኛው የሚያገናኘው ያ የመዳብ ቱቦ ነው። ውፍረቱ ስንት ይመስላችኋል? ከ20 እስከ 25 ማይክሮን። የራስ ጸጉር አንድ ሦስተኛ ብትሉት አታጋንኑም።

እንግዲህ ይሄን ይዛችሁ የተለመደውን ጥገና ተመልከቱ። ካፓሲተሩ አብጧል፣ ይቀየራል። ጥገናው ካውያውን ካንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውራል፣ ሊዱ እኩል ሳይቀልጥ በፒንሳ ይጎትታል። ካፓሲተሩ «እሺ» ብሎ ይወጣል፣ ነገር ግን በእግሩ ላይ እንደ ካልሲ የተጠለቀ ስስ የመዳብ ቱቦ ይዞ ነው የሚወጣው። የቀዳዳው ልባጥ ነው የወጣው! ከዚያ አዲሱን ካፓሲተር ያስገባል፣ በታች በኩል አሳምሮ ይበይዳል። የላይኛው መስመር ግን ከዚያን ሰዓት ጀምሮ ተቆርጧል። ዕቃው አይነሳም። ካፓሲተሩ አዲስ ነው፣ ብየዳው ያምራል፣ ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? «ቦርዱ ሞቷል።»

አልሞተም፣ ተገደለ እንጂ። ገድሎ ደረት መምታት ይሄ ነው። መፍትሔውም ሩቅ አይደለም፤ እግሩን በላይኛው ፊትም መበየድ፣ ካልተመቸ ጸጉር የምታክል ሽቦ ከላይኛው መስመር ወደ እግሩ መሳብ። ጃምፐር የምትሉት እኮ ነው! ሁልጊዜ ትመቱታላችሁ፣ እዚህ ላይ ሲሆን ግን ቀዳዳው ሽቦ እንደነበር ስላልተነገራችሁ አይታሰባችሁም።

ሙቀቱም ሌላ ጣጣ አለው። ሰሌዳው ሲሞቅ ወደ ውፍረቱ የሚለጠጠው ከመዳቡ 3 እና 4 እጥፍ ነው። ካውያ 350 ዲግሪ ላይ አድርጎ አንድ ቀዳዳ ላይ ለረጅም ጊዜ የደገፈ ሰው ሰሌዳውን እያሳበጠ ያንን ስስ ቱቦ ከመሃል እየበጠሰው ነው። በተለይ የኔጌቲቭ እግር፣ ግራውንድ የምንለው፣ ከሰፊ መዳብ ጋር ስለተያያዘ ሙቀቱን ይጠጣዋል፤ ሊዱ እንቢ ይላል፤ ጀማሪው ይናደዳል፣ ይጫናል፣ ይወዘውዛል። እዚያ ላይ ወፈር ያለ የካውያ ጫፍ፣ ትኩስ ሊድ ጨምሮ ማቅለጥ፣ በመምጠጫ መሳብ ነው የሚያስፈልገው። ጉልበት አይደለም። ቀዳዳ በጉልበት አይከፈትም።

ሦስተኛው ዓይነት እግር የማይገባበት ቀዳዳ ነው። በስሙ ቪያ ይባላል። ቦርዱን ብርሃን ላይ ብታዩት እንደ መርፌ ጫፍ የሚታዩት ነጠብጣቦች እነሱ ናቸው፤ ብዙዎቹ 0.3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ናቸው። ሥራቸው መስመርን ከፎቅ ወደ ፎቅ ማሻገር ብቻ ነው። የስልክ ቦርድ እኮ ሁለት ፊት ብቻ ያለው አይምሰላችሁ፤ 8፣ 10 እና ከዚያ በላይ የመዳብ ንብርብር አለው፣ ያ ሁሉ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውስጥ። አንዳንዱ ቪያ ከጣሪያ እስከ ምድር ቤት የሚወርድ ደረጃ ነው። አንዳንዱ ከላይ ይጀምርና መሃል ፎቅ ላይ ይቀራል፤ ዕውር ቪያ ይሉታል። አንዳንዱ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ መካከል ብቻ ያለ፣ ከውጭ ፈጽሞ የማይታይ ነው፤ የተቀበረ ቪያ። በጣም ትንንሾቹ በመሰርሰሪያ አይበሱም፣ በሌዘር ነው። ከሚሞቅ አይሲ ሥር ተደርድረው የምታዩአቸው ደግሞ የሙቀት መውረጃ ናቸው፤ ሙቀቱን ወደ ጀርባ ይወስዳሉ። እነዚያን በሙጫ ደፍኖ «አጠነከርኩት» የሚል ሰው አይሲውን ብርድ ልብስ እያለበሰው ነው።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። የተቀበረ ቪያ ከተበጠሰ፣ ወይም ሰሌዳው በሙቀት ንብርብሩ ከተላቀቀ፣ እውነትም ሞቷል። ከዓለም ጫፍ ባለሙያ ብታመጡ አያስነሳውም፣ ቢያስነሳውም ወጪው አዲስ ስልክ ይገዛል። እኔ የምከራከረው ይሄን ፍርድ ከሚሰጥ ሰው ጋር አይደለም። ሳይመረምር ከሚሰጥ ሰው ጋር ነው። ሐኪም እንኳ ሞቷል ከማለቱ በፊት የልብ ምት ያዳምጣል። አንተ ደግሞ ቴስተርህን ድምፅ ላይ አድርገህ ከላይኛው መስመር እስከ ታችኛው ብትነካ ቀዳዳው መኖሩን አለመኖሩን ይነግርሃል። ጢጥ ካለ አለ። ዝም ካለ ተበጥሷል። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሩዙን ሳላነሳ አላልፍም። ክረምት ላይ፣ እንጅባራ ዝናቡ ሳያባራ ሲውል፣ ስልክ ውኃ ገባበት ሲባል «ሩዝ ውስጥ ቅበሩት» የሚል ምክር የማይሰጥ ዘመድ የለም። ሩዝ በአይሲ ሥር ያለውን፣ ቪያ ቀዳዳ ውስጥ የተኛውን ውኃ አይስበውም። እዚያ ያለ ውኃና ከባትሪ የሚመጣ ኃይል ሲገናኙ መዳቡ መበላት ይጀምራል፤ ያውም ያ የጸጉር ሲሶ የሚያህል መዳብ። ስልኩን አጥፉት፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡት፣ ክፍያ እንዳትሰኩ፣ ቶሎ ተከፍቶ በአልኮል ይታጠብ። ሩዙን ቀቅላችሁ ብሉት።

ብሎን! ስለ ብሎን ዝም ብል ይቆጨኛል። ስልካችሁ ጥገና ቤት ሲገባ ስንት ብሎን ነበረው? ሲመለስስ? ስምንት ይዞ ሄዶ ሦስት ይዞ የሚመጣ ስልክ የተለመደ ሆኗል፤ «ለውጥ የለውም ወንድሜ፣ ያዘ እኮ!» ለውጥ አለው። የብሎን ቀዳዳ ዙሪያ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ካያችሁ ያ ቀዳዳ ማሰሪያ ብቻ አይደለም፣ ቦርዱን ከብረት አካሉ ጋር የሚያገናኝ ግራውንድ ነው። ብሎኑ ከጎደለ ኔትወርክ ሊዋዥቅ፣ አንቴናው ሊደክም ይችላል። ከመጉደልም የባሰ አለ፤ የረዘመ ብሎን በአጭሩ ቦታ ማስገባት። በስልክ ላይ የብሎን ርዝመት ልዩነቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ሊሆን ይችላል። የረዘመው ቀዳዳውን አልፎ ሄዶ በሥሩ ያለውን መስመር ይቆርጣል፣ ንብርብሩን ይበሳል። ስክሪን ለመቀየር የገባ ስልክ ቦርዱ «ሞቶ» የሚወጣው አንዳንዴ እንዲህ ነው። ካቻቢቴ ስለያዘ ሁሉ መዝጋት ይችላል ማለት አይደለም። የፈታኸውን ብሎን በቀዳዳው ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ብታስቀምጥ ምን ትከስራለህ?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ መጣሁ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ስልክ ቻርጀር ውስጥ ክብ ያልሆነ፣ እንደ ስንጥቅ የረዘመ ቀዳዳ መኖር አለበት። ቦርዱን ለሁለት ሊከፍለው የደረሰ ይመስላል። ከአንዱ ወገን 220 ቮልቱ አለ፤ ያውም ከተስተካከለ በኋላ ካፓሲተሩ ላይ ወደ 310 ቮልት ይደርሳል። ከሌላው ወገን እጃችሁ የሚነካው፣ ልጃችሁ አልጋ ላይ ይዞት የሚተኛው 5 ቮልት አለ። በሁለቱ መሃል ድንበር ያስፈልጋል። የዕቃ ደህንነት ደረጃዎች በዚህ ድንበር ላይ በሰሌዳው ፊት የሚለካ ርቀት ይጠይቃሉ፤ ለዚህ ዓይነት ቻርጀር ብዙ ጊዜ 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። ለምን? አቧራና እርጥበት በሰሌዳው ላይ ሲከማች ኤሌክትሪክ የሚሄድበት ጠባብ መንገድ ስለሚሆን ነው። ቻርጀር ደግሞ ትንሽ ነው፣ ቦታ የለም። ስለዚህ ጥሩ ሠሪ ሰሌዳውን በመሃል ይሰነጥቀዋል፤ በሰሌዳው ላይ የሚሳብ ኤሌክትሪክ ገደል ገጥሞት ዞሮ እንዲሄድ፣ መንገዱ እንዲረዝምበት። ስንጥቁ ራሱ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ካልሰፋ አይቆጠርለትም።

ርካሹ ቻርጀር ይህ ቀዳዳ የለውም። በውጭ አገር ባለሙያዎች ፈተው የለኳቸው ሐሰተኛ ቻርጀሮች ላይ ይህ ድንበር ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ። አንድ ሚሊ ሜትር! 310 ቮልትና የልጅ እጅ የሚለያዩት በዚያ ነው። እርጥበት አይጠፋም በሚባልበት በእኛ ቤት፣ ግድግዳው ክረምቱን ሙሉ በሚያልብበት።

ሌላም አለ፣ እሱን የሚያነሳ ሰው አላየሁም። የምንኖረው ከፍታ ላይ ነው። እንጅባራ ከ2500 ሜትር በላይ ናት፣ ዳንግላ ከ2100 በላይ። አዲስ አበባም ብትሆን ከ2000 በላይ ናት። ከፍ ሲባል አየሩ ይሳሳል፣ የሳሳ አየር ደግሞ በኤሌክትሪክ ብልጭታ በቀላሉ ይበሳል። ለዚህ ነው ዓለም አቀፉ ደረጃ በአየር ውስጥ የሚለካውን ርቀት እስከ 2000 ሜትር ብቻ እንዳለ የሚወስደው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን አብዙት ይላል፣ 3000 ሜትር ላይ በ1.14። አንዳንድ ቻርጀር ጀርባ ላይ የተራራ ሥዕልና 2000 ሜትር የሚል ምልክት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቻይና እስከዚያ ከፍታ ብቻ ለተመዘነ ዕቃ ያንን ምልክት ታስለጥፍ ነበር። «ከዚህ በላይ ላለ አገር አልመዘንኩትም» ማለት ነው። ያ ዕቃ ነው ተጭኖ መጥቶ ኮሶበር ገበያ ላይ ላስቲክ ተነጥፎለት የሚሸጠው።

አንዱ መጥቶ «ታዲያ ምልክት ያለበት ሁሉ ይገድላል ወይ?» ይለኛል። አላልኩም። በደንብ የተሠራ ዕቃ ትርፍ ርቀት ይኖረዋል፣ ለዚህ ከፍታም ይበቃ ይሆናል። ነገር ግን ትርፍ ርቀት የሌለው፣ ስንጥቁ የሌለው፣ በዚያ ላይ እስከ 2000 ሜትር እንኳ ያልተመዘነ ዕቃ እዚህ ከፍታ ላይ ሲሰካ ሦስት ጉድለት ተደራረበ ማለት ነው። ዕቃ የሚያስገቡ ነጋዴዎች ስለ ዋጋና ስለ ቀለም እንጂ ስለዚህ ሲጠይቁ አልሰማሁም። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አንድ ካርቶን ሲመጣ አንዱን ፈትቶ ማየት ቢጀምር ምን ይጎዳዋል? ማይክሮስኮፕ አያስፈልገውም፣ የተማሪ ማስመሪያ ይበቃዋል።

ጥገና ቤቶችም ከዚህ ነፃ አይደላችሁም። ስንጥቁ ላይ የቀለጠ ሙጫና ቆሻሻ የምትከምሩ፣ ድንበሩን አቋርጣችሁ ጃምፐር የምትመቱ፣ በደንብ አስቡበት፤ ዕቃው ሠራ ማለት ተጠገነ ማለት አይደለም። ሰሌዳው እዚያ አካባቢ ተቃጥሎ ከጠቆረ ደግሞ ከሰሉ ራሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ከሰል ስለመሆኑ ለአዊ ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም። የጠቆረውን ፈቅፍቆ ማንሳት፣ ካስፈለገም ቆርጦ ማውጣት ነው ጥገናው። እዚያ ቦታ ቀዳዳ መብሳት ማዳን ነው፤ መድፈን ነው ጥፋቱ።

ይሄ ሁሉ ለምን የማይታወቅ ሆነ? ምክንያቱም ቀዳዳ በፈተና አይመጣም። የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ የኤሌክትሮኒክስ ምዕራፍ አለው። ዳዮድ አለ፣ ትራንዚስተር አለ፣ ሎጂክ ጌት አለ። ተማሪው ምልክቱን ይስላል፣ ሠንጠረዡን ይሞላል፣ ፈተናውን ያልፋል። ዳዮዱ የሚቆምበትን ሰሌዳ ግን በእጁ ሳይነካ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ያላለፈው ደግሞ አጭር ሥልጠና ወስዶ ስልክ ጥገና ይከፍታል፤ ሥልጠናውም ፍላሽ ማድረግ፣ ፓተርን መክፈት፣ ስክሪን መቀየር ነው። በአገራችን ስልክ መገጣጠም ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነ። «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» ተብሎ ወጣቱ ሲመዘገብ እኔም ደስ ይለኛል፤ ተመዝገቡ እላለሁ። ግን የሚጻፈው ኮድ የሚሮጠው በእነዚያ በመርፌ ጫፍ ቀዳዳዎች ውስጥ አልፎ ነው። ኮዱን የሚያውቅ አምስት ሚሊዮን፣ ቀዳዳውን የሚያውቅ ስንት?

«ላቦራቶሪ የለንም» የሚለውን መልስ ከዚህ በኋላ አልቀበልም። ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልገው ዕቃ በየጥገና ቤቱ ጓሮ በማዳበሪያ ተሞልቶ ተቀምጧል። የሞተ ቦርድ ነፃ ነው! አንድ ማጉያ መነጽር፣ አንድ ቴስተር፣ አንድ ካውያ። አንድ ክፍለ ጊዜ ስጡኝና 60 ተማሪ የተለበጠውን ካልተለበጠው፣ ቪያውን ከብሎን ቀዳዳው፣ የደህንነት ስንጥቁን ካለመኖሩ ለይቶ ይወጣል። ካርድ ላይ የማይሞላ ዕውቀት ስለሆነ ብቻ ነው የተተወው። የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኞችም ብትሆኑ፣ ሠልጣኙ ካፓሲተር ነቅሎ ሲያሳያችሁ እግሩ ላይ «ካልሲ» መኖሩን አይታችሁ ማርክ ስጡ። በዚያ ብቻ የአገሩ ጥገና ይለወጣል።

ስለዚህ ይሄን አደርጋለሁ። እንጅባራና ዳንግላ አካባቢ ያላችሁ ጥገና ቤቶችና ወላጆች፣ የምትጥሉትን ቦርድ አትጣሉት፤ በአቅራቢያችሁ ላለ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ስጡት፣ እኔን የምታውቁኝ ለኔ ስጡኝ። ከመስጠታችሁ በፊት ግን ባትሪውን አውጡ፤ ያበጠ ባትሪ ከሆነ ጭራሽ አታምጡት። የቻርጀርና የቴሌቪዥን ፓወር ቦርድ ከሆነ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ትልቁ ካፓሲተር ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላልና ልጆች እንዳይነኩት፤ የሚያውቅ ሰው ባዶ ያድርገው። ቤታችሁ ያለውን ቻርጀር ለማየት ብላችሁ ደግሞ ሰክታችሁ እንዳትከፍቱ። ተነቅሎም ቢሆን ለሚያውቅ ሰው ተዉት። እናንተ ጀርባውን ብቻ አንብቡ፣ ተራራው ካለ በፎቶ አንስታችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ የትኛው ገበያ ስንት እንዳለ አብረን እናያለን።